ባየርንሊጋ ስንት ጊዜ ነው የወረደው?

ግራ ክንፍ፦
ሰላም ለሁላችሁ። የባቫሪያውን ሊግ፣ የባየርንሊጋን ታሪክ ሳነብ ግራ ተጋባሁ። አንዱ ጋ ሁለተኛ እርከን ይለዋል፣ ሌላው ጋ ሦስተኛ። አራተኛም አምስተኛም የሚል አለ። ሊግ እንደ ክለብ ይወርዳል እንዴ? ደግሞ “ኦበርሊጋ” ማለት የላይኛው ሊግ ማለት አይደል? አምስተኛ ላይ ተቀምጦ የምን ላይኛ ነው? 1860 ሙኒክን የሚያህል ክለብስ እዚያ ምን ሲሠራ ነበር? የምታውቁ አስረዱኝ። በቁጥር ግን አታጨናንቁኝ።

ጊዚንግ 91፦
ወንድሜ፣ ሊጉ ወርዶ አያውቅም። ባለበት ቁጭ እንዳለ ነው ላዩ ላይ ፎቅ የተሠራበት።

ያለ ዓመተ ምሕረት ስለማይገባህ ትንሽ ቁጥር ቻለኝ። ሁሉም በፈረንጅ አቆጣጠር ነው። ጦርነቱ ባለቀበት በ1945 ደቡብ ጀርመን ውስጥ ኦበርሊጋ ሱድ ተጀመረ። ያኔ ስሙ እውነት ነበር፤ ከእሱ በላይ ሊግ አልነበረም። የባቫሪያው ከሥሩ ሆነ፣ ሁለተኛ ማለት ነው። በ1950 መሀል ላይ አንድ ሊግ ሲሰነቅሩ ሦስተኛ ሆነ፤ ስሙም አማተርሊጋ ተባለ። በ1963 ቡንደስሊጋ፣ በ1974 ደግሞ ሁለተኛው ቡንደስሊጋ መጣ። እነዚህ ግን ከላይ የነበሩትን ተኩ እንጂ ፎቅ አልጨመሩም። ስለዚህ 44 ዓመት ሙሉ ሦስተኛ ሆኖ ኖረ።

ኦበርሊጋ የሚለው ስም የድሮዎቹ ሊጎች በ1963 ሲፈርሱ ባለቤት አጥቶ ነበር። በ1978 ለሦስተኛው እርከን አወረሱት። ግራ ያጋባህ ይሄ ነው። በ1994 ሬጂዮናልሊጋ ላዩ ላይ ሲመጣ አራተኛ፣ በ2008 “ሦስተኛው ሊጋ” የሚባል ሌላ ሊግ ከላይ ሲመጣ አምስተኛ። አለቀ።

አሁን ወደ ክለቡ፣ ወደ 1860 ሙኒክ። እኔ ሙኒክ የገባሁት በ1990 ነው፣ ቅጠል ሲረግፍ። ቋንቋ የለኝ፣ ሰው የለኝ። ከታች ያሉ ሽማግሌ ጎረቤቴ አንድ ቅዳሜ በራችንን አንኳኩተው በእጃቸው የኳስ ምልክት አሳዩኝ። “ሌቨን” አሉኝ። አንበሶች ማለት እንደሆነ፣ የ1860 ቅጽል ስም መሆኑም የገባኝ በኋላ ነው። ግሩንቫልደር ስታዲየም ወሰዱኝ፤ ጊዚንግ ሰፈር ውስጥ ነው፣ ከቤታችን በእግር። ከጎሉ ጀርባ፣ በምዕራብ በኩል ቆምን። ሕዝቡን አይቼ የጀርመን ትልቁ ሊግ ይሄ ነው ብዬ ደመደምኩ። ሦስተኛ እርከን መሆኑን የነገረኝ የሥራ ባልደረባዬ ነው፣ ያውም ከወራት በኋላ። እየሳቀብኝ።

ያ ክለብ እኮ በ1966 የጀርመን ሻምፒዮን ነበር። በ1965 ዌምብሌይ ላይ ለዋንጫ አሸናፊዎች ዋንጫ ከዌስትሃም ተጫውቶ 2 ለ 0 ተሸንፏል። ወደ ባየርንሊጋ የጣለው ኳስ አይደለም፣ ዕዳ ነው። በ1981/82 ሁለተኛው ቡንደስሊጋ ላይ አራተኛ ጨርሷል። ሩዲ ፎለር የሚባል ልጅ 37 ጎል አግብቶለታል። ፌዴሬሽኑ ግን የገንዘብ ሁኔታውን አይቶ ላይሰንስ ከለከለው። ፎለር ወደ ብሬመን፣ 1860 ወደ አማተር።

እዚያ ዘጠኝ ዓመት ቆየ። ሽማግሌው በጣም የሚያንገበግባቸው ደግሞ የጎረቤት ነገር ነበር። ባየርን ሙኒክ አማተር ቡድኑን የሚያጫውተው እዚሁ ሊግ ላይ ነው። ለእነሱ የልጆች መለማመጃ፣ ለእኛ ደርቢ!

ደግሞም ሻምፒዮን መሆን ብቻውን አያሳድግም ነበር። ከሌሎቹ የደቡብ ሊጎች ሻምፒዮኖች ጋር ሌላ የማለፊያ ዙር አለ። 1860 በ1984 ዋንጫውን አንስቶ እዚያ ዙር ላይ ቀረ። ዓመቱን ሙሉ አሸንፈህ፣ በጥቂት ጨዋታ ተመለስ መባል! እኔ ብሆን ኳስ እተው ነበር።

በ1991 ነው የተሳካው። አሰልጣኙ ካርስተን ቬትበርግ “የጊዚንግ ንጉሥ” ተባለ። ያደግን ቀን፣ በሰኔ ሙቀት፣ ጎረቤቴ የሱፍ ሻርፓቸውን ከአንገታቸው አውልቀው አንገቴ ላይ ጠመጠሙት። አላበኝ፤ አላወለቅኩትም።

በዓመቱ ተመልሰን ወረድን። እሱን እንተወው። በ1994 ግን ቡንደስሊጋ ነበርን።

የፉርት ልጅ፦
ጊዚንግ፣ ባቫሪያ ማለት ሙኒክ ብቻ ይመስላችኋል። ፉርት ሦስት ጊዜ የጀርመን ሻምፒዮን ነው፤ 1914፣ 1926፣ 1929። እናንተ ባየርንሊጋ ገባን ብላችሁ ታለቅሳላችሁ፣ እኛ በ1987 ከባየርንሊጋም ወርደን ላንደስሊጋ ገብተናል።

ያወጣንም መንደር ነው። ፌስተንበርግስግሮይት የሚባል፣ በሻይና በመድኃኒት ቅጠል ንግድ የሚታወቅ ትንሽ ቦታ። እስከ 1994 ባየርንሊጋ ላይ ነበሩ። በዚያው ዓመት ነሐሴ ላይ በጀርመን ዋንጫ ባየርን ሙኒክን 1 ለ 0 ጣሉት። ትራፓቶኒ የሚያሰለጥነውን ባየርን! በ1996 ከእኛ ጋር ተዋሃዱና ስማችን ላይ “ግሮይተር” ተቀጠለ። ያኔ ብዙዎቻችን ፊታችን ተኮሳተረ። በ2012 ቡንደስሊጋ ስንገባ ማንም አላነሳውም።

ጥርጣሬ፦
እኔ “አማተር” የሚለው ቃል ነው የማይዋጥልኝ። ዕዳ ያለበት፣ ሺዎች የሚያዩት ክለብ ምን አማተር ነው?

ጊዚንግ 91፦
ቃሉ የወረቀት ቃል ነው። ከጦርነቱ በኋላ በኦበርሊጋ ያሉት “ባለ ኮንትራት ተጫዋች” ተባሉ። መጀመሪያ ጣሪያው በወር 320 ማርክ ነበር፤ ስለዚህ ብዙዎቹ ሌላም ሥራ ነበራቸው። ከእነሱ በታች ያለው በሙሉ አማተር ተባለ። በኋላ ገንዘቡ ወደ ታች እየወረደ ሲሄድ ስሙ ባለበት ቀረ። የትልልቅ ክለቦች ሁለተኛ ቡድኖች እንኳ እስከ 2005 “አማተር” ነበር የሚባሉት።

ግራ ክንፍ፦
ፎቁ ገብቶኛል፣ አመሰግናለሁ። አሁንስ እንዴት ነው?

ጊዚንግ 91፦
በ2012 ሰሜንና ደቡብ ብለው ለሁለት ከፈሉት። አዲስ ነገር አይደለም፤ ከ1953 እስከ 1963ም እንዲሁ ተከፍሎ ነበር። ከላዩ ሬጂዮናልሊጋ ባየርን መጣ። እሱ ግን የድሮዎቹን ሬጂዮናልሊጋዎች አራተኛ ቦታ ስለያዘ፣ ባየርንሊጋ አምስተኛነቱን አልለቀቀም።

1860ን ከጠየቅከኝ፣ በ2017 ከሁለተኛው ቡንደስሊጋ ወረደ። ለሦስተኛው ሊጋ የሚሆን ላይሰንስም አጣና ሬጂዮናልሊጋ ባየርን ገባ። እንደገና የመንደር ቡድኖች፣ እንደገና ግሩንቫልደር። ሽማግሌው ያኔ በሕይወት የሉም። የመጀመሪያውን የሜዳችንን ጨዋታ ልጄን ይዤ ሄድኩ። በበጋው መሀል አንገቱ ላይ ያደረግኩለትን ሻርፕ “ይሞቃል” ብሎ ሊያወልቅ ሲል ተቆጣሁት።