የጤና ጣቢያው ግንባታ ሥራ አስኪያጅ ቅጥር፦ ለጠቅላላ ጉባኤ የሚቀርብ የጋራ ሐሳብ
(ጤና ጣቢያውን በሚያሠራው ማኅበር ውስጥ የተደረገ የጽሑፍ ውይይት፤ ቱምቢ፣ ውሃ ልክና ሚዛን የተወያዮች መጠሪያ ናቸው።)

ጸሐፊ
ሐሳቡ እስከ ወሩ መጨረሻ መታተም አለበት። የእጅ ዋጋው (ተቋራጩ ያለ ዕቃ ለሥራው ብቻ የሚከፈለው) ነገር ተወስኗል፤ እንደገና እንዳይከፈት። ረቂቁ ይሄ ነው፦
አንድ፤ ዕቃውን ማኅበሩ ይገዛል፣ ተቋራጩ በእጅ ዋጋ ይሠራል።
ሁለት፤ ማኅበሩን ወክሎ ሳይት ላይ የሚውል የግንባታ ሥራ አስኪያጅ ይቀጠራል።
ሦስት፤ ሥራ አስኪያጁ የጊዜ ሰሌዳ ያወጣል፣ ዕቃ ይጠይቃል፣ ጥራት ይቆጣጠራል፣ የተሠራውን ለክቶ የክፍያ ሰርተፊኬት ያዘጋጃል።
አራት፤ ዕለታዊ የሳይት መዝገብ ይይዛል፤ የመጋዘኑ ቁልፍም እሱ ዘንድ ይሆናል።
አምስት፤ ክፍያው ከጠቅላላ ወጪው በመቶኛ ይታሰባል።

ገንዘብ ያዥ
አምስተኛው ላይ አልፈርምም። በመቶኛ ከሆነ ወጪው በጨመረ ቁጥር ክፍያውም ይጨምራል፤ ብሎኬት በውድ ያስገዛ ሰው ተሸለመ ማለት ነው። በወር ቁርጥ ይሁንና ይብቃ።

ቱምቢ
በወር ቁርጥ ብቻ ከሆነ ደግሞ ሥራው በተጓተተ ቁጥር ደመወዙ ይረዝማል። ቀላቅሉት። ግማሹ በወር፣ ግማሹ በምዕራፍ ይከፈል። ምዕራፎቹም በዓይን የሚታዩ ይሁኑ፦ ግራውንድ ቢም (ግድግዳው የሚያርፍበት የመሠረት አርማታ) ያለቀ፣ ሶሌታ (ጠፍጣፋው አርማታ) የተሞላና ካሳፎርማው (አርማታውን እስኪጠነክር የሚይዘው ቅርጽ) የተነሳ፣ ጣሪያ የለበሰ፣ ቧንቧና መብራቱ ተፈትሾ ያለፈ፣ ጊዜያዊ ርክክብ። «ሥራው 70 በመቶ ሲደርስ» የሚል ነገር እንዳትጽፉ፤ 70 መድረሱን ለማስማማት ብቻ አንድ ወር እንከራከራለን። ከምዕራፍ ክፍያው 10 በመቶ ተይዞ በመጨረሻው ርክክብ ይለቀቅለት፤ አለዚያ በጉድለት ማረሚያው ዓመት ስልክም አያነሳም።

ሦስተኛውም ይስተካከል። የሚለካውና የሚያጸድቀው አንድ ሰው መሆን የለበትም። ከተቋራጩ ፎርማን ጋር አብረው ለክተው ሁለቱም ይፈርሙ፣ አማካሪው መሐንዲስ ያረጋግጥ፣ ከዚያ ገንዘብ ያዥ ይክፈል። የሚሸፈን ነገር ደግሞ ሳይሸፈን ይለካ። ቁፋሮው ሙሌት ከገባበት በኋላ ጥልቀቱ 1 ሜትር ይሁን 1 ሜትር ተኩል የሚያውቅ የለም፤ የሚከፈለው ግን የ1 ሜትር ተኩሉ ነው።

አዋላጅ
ጤና ተቋም ሠርቶ የሚያውቅ ካልሆነ አትቅጠሩ። መኖሪያ ቤትና ትምህርት ቤት ብቻ የሠራ ሰው ጎበዝ ቢሆንም እነዚህን ይስታል፦

የማዋለጃ ክፍል በር። ፕላኑ ላይ 120 ሳንቲ ሜትር ይላል፣ ግንበኛው 120 ክፍተት ይተዋል፣ ፍሬሙና መዝጊያው ሲገባ የሚቀረው 105 አካባቢ ነው። ቃሬዛ በኮሪደር ታጥፎ ሲገባ ይነካል። 120ው ጥርት ያለ መተላለፊያ መሆኑ መጻፍ አለበት።
ራምፕ (ያለ ደረጃ የሚወጣበት ተዳፋት)። ከ1 ለ 12 በላይ መቆም የለበትም፤ ለ1 ሜትር ከፍታ 12 ሜትር ርዝመት ማለት ነው። ወለሉ ከግቢው 60 ሳንቲ ሜትር ከፍ ካለ ራምፑ ቢያንስ 7 ሜትር ከ20 ነው፤ ይሄን ቦታ መጀመሪያ ያልያዘ ሰው መጨረሻ ላይ 3 ሜትር የሚያዳልጥ ነገር ይሠራል።
ማምከኛ ክፍል። የቆሸሸው በአንድ በር ይገባል፣ ይታጠባል፣ አውቶክሌቭ (በእንፋሎት ማምከኛው) ይገባል፣ ንጹሑ በሌላ በር ይወጣል። ማጠቢያውን ለቧንቧ ይመቻል ብሎ ወደ ማዶ ያዛወረ ሰው ክፍሉን አጠፋው።
የክትባት ማቀዝቀዣ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ነው፤ የመብራት መስመሩ ለብቻው ከማከፋፈያ ሰሌዳው ይምጣ። ከውሃ ፓምፑ ጋር አንድ ብሬከር ላይ ከዋለ ፓምፑ ሲጥለው ማቀዝቀዣውም ይጠፋል፣ ማታ ከሆነ ደግሞ እስኪነጋ የሚያይ የለም።
የእንግዴ ልጅ ጉድጓድ ከውሃ ጉድጓድ ቢያንስ 30 ሜትር ይራቅ፣ ወለሉም ከከርሰ ምድር ውሃው ቢያንስ 1 ሜትር ተኩል ከፍ ይበል።
የሳል ሕሙማን የሚጠብቁበት ቦታ በሁለት ወገን ፊት ለፊት የሚተያዩ መስኮቶች ይኑሩት። በአንድ ወገን ብቻ የተከፈተ ክፍል አየር አያሳልፍም።

ቃለ መጠይቁ ላይ የምስክር ወረቀት ከምታገላብጡ እንዲህ ያለ ስሕተት ያለበት ፕላን ስጡትና ያግኝ።

ውሃ ልክ
ጥሩ ነው። የቃለ መጠይቁን ጥያቄና የነጥብ አሰጣጡን እኔ አዘጋጃለሁ። እስከ ዓርብ።

ሚዛን
አራተኛው ነጥብ ላይ ማንም ምንም አላለም? የመጋዘን ቁልፍ ሥራ አስኪያጁ ዘንድ? ዕቃ የሚጠይቀው እሱ፣ የሚያስወጣው እሱ፣ ቁልፍ የሚይዘው እሱ። የአጥሩን ጊዜ ረሳችሁት መሰለኝ።

ሰብሳቢ
እውነት ነው። ቁልፉ እኔ ዘንድ ይሁን።

ገንዘብ ያዥ
እርስዎ ዘንድ ሆኖ ጠዋት 1 ሰዓት ላይ 20 ሠራተኛ ቆሞ ሲጠብቅ ማን ይከፍታል?

ሰብሳቢ
እመጣለሁ። ለማኅበሬ ጠዋት መነሳት አያቅተኝም።

ቱምቢ
ሰብሳቢ፣ አርማታ የጠዋት ብቻ ሥራ አይደለም። ሶሌታ ሲሞላ መሐል ላይ ሲሚንቶ አልቆ ቁልፍ ያዥ እስኪመጣ ከቆመ፣ የተሞላው መጥበቅ ይጀምራል፤ በኋላ የሚጨመረው ከሱ ጋር አይዋሃድም። ያ መስመር ነው ኋላ ውሃ የሚያሳልፈው።

ሚዛን
ስለዚህ ሁለት ቁልፍ ይደረግ። ሁለት ጓጉንቸር፣ አንዱ የሥራ አስኪያጁ፣ አንዱ የማኅበሩ። ሁለቱ ካልተገኙ አይከፈት።

ገንዘብ ያዥ
«የማኅበሩ» ማነው? ስም ጥራ።

ሚዛን
ከቁጥጥር ኮሚቴ አንዱ።

ገንዘብ ያዥ
የቁጥጥር ኮሚቴው ሦስት ሰው ነው፣ ሁለቱ ስብሰባም አይመጡም። ሦስተኛው አንተ ነህ። በቀጥታ «ቁልፉን ስጡኝ» አትልም?

ሚዛን
የአጥሩ ሲሚንቶ ሲጎድል ቁልፉ ማን ዘንድ እንደነበር ልናገር? ልናገር ወይ?

ገንዘብ ያዥ
ተናገር። ደረሰኙ ሁሉ አለኝ፣ ገጽ በገጽ። ሌባ ልትለኝ ከሆነ ጠቅላላ ጉባኤ ላይ ቆመህ በለኝ።

ሰብሳቢ
ሁለታችሁም ተዉ። ማንም ማንንም ሌባ አላለም።

ፎርማን
ቁልፉ ማን ዘንድ ቢሆን ሲሚንቶ የሚጎድለው መጋዘን ውስጥ አይደለም። ከመጋዘኑ በሕጋዊ ወረቀት ይወጣል፣ ማደባለቂያው ጋ ሳይደርስ ይቀራል። ወይም ይደርስና ከሚገባው ያነሰ ይገባል፣ የተረፈው ማታ ይሄዳል፤ ይሄ የባሰ ነው፣ ምክንያቱም ሲሚንቶም አርማታም አጣን ማለት ነው። የሚይዘው ሒሳብ ነው።

ሲ 25 የሚባለው የጥንካሬ ደረጃ ያለው አርማታ ለ1 ሜትር ኩብ ባለ 50 ኪሎ 7 ከረጢት ግድም ይበላል። 200 ካሬ ሶሌታ በ15 ሳንቲ ሜትር ውፍረት 30 ሜትር ኩብ ነው፤ 210 ከረጢት፣ ከ5 በመቶ ብክነት ጋር 220። መዝገቡ 245 ወጣ ካለ ጥያቄው ያን ዕለት ማታ ይነሳ። 190 ብቻ ወጣ ካለ ደግሞ ደስ አይበላችሁ፣ አርማታው ቀጥኗል። ለዚህ ነው ባለ 15 ሳንቲ ሜትር ኩቡ (የአርማታው መሞከሪያ) የሚሞላው፦ በ7 ቀን ሲሰበር ከ28 ቀኑ ጥንካሬ ሁለት ሦስተኛ ግድም ካላሳየ 28ኛውን ቀን ቁጭ ብሎ መጠበቅ የለም፣ ቀጣዩ ሙሌት ይቁም። ኩቡን የሚሞላው የተቋራጩ ሰው ብቻ ከሆነ ግን አትድከሙ፤ ለኩቡ የሚሆን ጥሩ አርማታ ለብቻው ይቦካል። ሥራ አስኪያጁ ራሱ ሶሌታው ላይ ከሚፈሰው ይውሰድ፣ ቀኑንና ቦታውን ኩቡ ላይ ይጻፍ።

ፌሮ በቤርጋ (በዘንግ) ተቆጥሮ አይገባም፣ ተመዝኖ ይግባ። ዲያሜትሩን በሚሊ ሜትር ለክታችሁ በራሱ አባዝታችሁ ለ162 ስታካፍሉ የ1 ሜትሩ ኪሎ ይወጣል። ባለ 12 ፌሮ 0.888 ኪሎ ነው፤ 12 ሜትሩ ቤርጋ 10.66፤ መቶ ቤርጋ 1066 ኪሎ። ሚዛኑ 970 ካለ ቁጥሩ ልክ ነው፣ ፌሮው ግን 12 አይደለም። ይሄን የትኛውም ጓጉንቸር አያሳያችሁም።

ሚዛን
ሒሳቡ ጥሩ ነው። ግን ሒሳቡን የሚሠራውም ሥራ አስኪያጁ ነው አይደል? እንግዲህ የመጋዘን ሠራተኛ ለብቻው ይቀጠር። ገቢና ወጪ ካርዱን እሱ ይያዝ፣ ሥራ አስኪያጁ ይጠይቅ።

ቱምቢ
በዚህ እስማማለሁ። ጠያቂና አውጪ መለየት አለባቸው።

ገንዘብ ያዥ
ለመጋዘን ሠራተኛ በጀት የለም። ከየት ይምጣ?

(ከአራት ቀን በኋላ)

ጸሐፊ
ውሃ ልክ፣ ዓርብ አለፈ። ጥያቄዎቹስ?

ሚዛን
እኔ ሳይቱን አየሁት። መጋዘን የምንለው ቆርቆሮ ነው። ከውጭ በተመታ ሚስማር ነው የተያዘው፤ በፒንሳ ሁለት ሚስማር የነቀለ ሰው ቁልፍ አያስፈልገውም። ወለሉም አፈር ነው።

ፎርማን
አፈር ላይ ሲሚንቶ አይቀመጥም። ከወለል 15 ሳንቲ ሜትር ከፍ ያለ እንጨት ይረበረብ፣ ከግድግዳ 30 ሳንቲ ሜትር ይራቅ፣ ከ10 ከረጢት በላይ አይደረደር፤ የታችኛው በክብደት ይጋገራል። ቀድሞ የገባው ቀድሞ ይውጣ። ሦስት ወር ያለፈው ሳይፈተሽ ማደባለቂያ አይግባ። ጠጠር የሆነውን ሰብሮ በወንፊት መንፋት የሚባለውንም እንዳልሰማ፤ ልስን ላይ እንኳ አላዋለውም።

ሰብሳቢ
እንግዲህ መጋዘኑ በብሎኬት ይሠራ። ከግንባታው በኋላ የመድኃኒት መጋዘን ይሆናል፤ ወጪው አይባክንም። ገንዘብ ያዥም በዚህ ቅር የሚለው አይመስለኝም።

ገንዘብ ያዥ
ቋሚ ሆኖ የሚቀር ከሆነ ከግንባታው በጀት ሊያዝ ይችላል። በዚህ ቅር አልልም።

አዋላጅ
እኔ ቅር ይለኛል። ብዙው መድኃኒት ከ25 ወይም ከ30 ዲግሪ በላይ አይቀመጥም፤ ያለ ኮርኒስ ከቆርቆሮ ጣሪያ ሥር እኩለ ቀን ላይ ገብታችሁ እዩት። ቦታውም ፕላኑ ላይ የቆሻሻ ማቃጠያው ከሚሠራበት አጠገብ ነው፣ ጭሱ በቀጥታ ይገባበታል። የጥበቃ ቤት ወይም የጽዳት ዕቃ ማስቀመጫ ካላችሁት ይሁን። ደግሞ የተነሳንበት የሥራ አስኪያጅ ቅጥር ነበር።

ሚዛን
ቅጥሩን ማን ከለከለ? ንብረት የሚቀመጥበት ሳይኖር ሰው ቀጥረን ምን እናደርጋለን ነው ያልኩት። በነገራችን ላይ ገንዘብ ያዥ፣ የአጥሩን ነገር ያነሳሁት አንተን ብዬ አልነበረም።

ገንዘብ ያዥ
አልፏል።

ጸሐፊ
እስካሁን የተስማማችሁበት እንዲህ ተጽፏል፦
አንድ፤ 4 በ6 ሜትር የብሎኬት መጋዘን ይሠራል፣ ኋላ የጥበቃ ቤት ይሆናል።
ሁለት፤ የመጋዘን ሠራተኛ ይቀጠራል፣ ገቢና ወጪ ካርድ ይይዛል።
ሦስት፤ በሩ ሁለት ጓጉንቸር ይኖረዋል፤ አንዱ የመጋዘን ሠራተኛው፣ አንዱ የሥራ አስኪያጁ።
አራት፤ ፌሮ ተመዝኖ ይገባል፤ የወጣው ሲሚንቶ በየሙሌቱ ማታ ከሒሳቡ ጋር ይመሳከራል።
አምስት፤ ለመጋዘኑና ለሠራተኛው ወጪ ማሟያ እንዲሆን ሥራ አስኪያጁ በሳምንት 3 ቀን ብቻ ይቀጠራል። ክፍያው ግማሽ በወር፣ ግማሽ በምዕራፍ።

ቱምቢ
3 ቀን ከየት መጣ? ሶሌታ ከመሞላቱ በፊት ባለው ቀን ፌሮው ይታያል፦ ርቀቱ፣ መደራረቢያው፣ ስፔሰሩ (ፌሮውን ከካሳፎርማው የሚያርቀው)፣ የላይኛው ፌሮ በሠራተኛ እግር ተረግጦ መውረድ አለመውረዱ። ቧንቧ የሚያልፍባቸው ቀዳዳዎችም ያኔ ካልተተዉ ኋላ ሶሌታው በመዶሻ ይበሳል፣ ፌሮ ይቆረጣል፣ የመጸዳጃው ውሃ በዚያው ይንጠባጠባል። ከሞላ በኋላ ደግሞ ቢያንስ ለ7 ቀን ውሃ ሲጠጣ የሚያይ ሰው ያስፈልጋል። 3 ቀን መጥቶ ምኑን ይቆጣጠራል?

ገንዘብ ያዥ
አርማታ እሱ በሚኖርባቸው ቀኖች ብቻ ይሞላ። ውሃ ማጠጣቱን የመጋዘን ሠራተኛው ያያል።

ቱምቢ
የመጋዘን ሠራተኛው?

ሰብሳቢ
ቱምቢ፣ በጀት ጨምር ካልክ ከየት እንደሚመጣ አብረህ ጻፍ። ካልሆነ ይሄው ለጉባኤ ይቅረብ፤ ሥራ አስኪያጁን የሚመለከተው ዝርዝር አባሪ ሆኖ ይታተም።

አዋላጅ
የጤና ተቋም ልምድ የሚለው ነጥብ የት ገባ? አምስቱም ውስጥ የለም።

ጸሐፊ
አባሪው ውስጥ ይገባል። የቃለ መጠይቁ ጥያቄዎች እንደደረሱኝ።

ሰብሳቢ
መጋዘኑ ስንት ብሎኬት ይበላል? ጉባኤው መጀመሪያ የሚጠይቀው እሱን ነው።

ፎርማን
ዙሪያው 20 ሜትር፣ ከፍታው 2.60 ከሆነ 52 ካሬ። በሩን 2 ካሬ ቀንሱ፣ 50። ባለ 40 በ20 ብሎኬት ለ1 ካሬ 12 ተኩል ይገባል፤ 625። ሲወርድ የሚሰበረው 5 በመቶ ሲጨመር 656፣ 660 በሉት። መስኮት አታድርጉበት፤ ከላይ ለአየር የሚሆን በሽቦ የተሸፈነ ክፍተት ይበቃል።

ሚዛን
የበሩ ላሜራ ውፍረትም ይጻፍበት።