የልጄ ትኩሳት ካለፈ በኋላ የኔ ጣቶች አበጡ፣ ቫይረስ ቁርጥማት ያመጣል እንዴ?

ማሚ ሹሩባ

ሰላም ናችሁ ቤተሰብ፣ ትንሽ ይረዝማል ታገሱኝ። አዳማ ነው ያለሁት፣ ፍራንኮ አካባቢ ፀጉር ቤት አለችኝ፣ ዋና ስራዬ ሹሩባ ነው፣ ማለት እንጀራዬ ጣቴ ነው። ከአምስት ሳምንት በፊት ጠዋት ስነሳ ጣቶቼ ደርቀው አልታጠፍ አሉኝ፣ የልጄን የዩኒፎርም ቁልፍ መቆለፍ አቅቶኝ እሱ ራሱ እያየኝ ቆለፈ። ሁለቱም እጄ ነው፣ ቡጢ ስጨብጥ ብቅ የሚሉት መገጣጠሚያዎች እና የእጄ አንጓ ያብጣል ይሞቃል፣ ወደ አራት ሰዓት ላይ ነው ለቀቅ የሚያደርገኝ።

ከዛ በፊት የሆነው ይሄ ነው። የስድስት አመት ልጄ ከትምህርት ቤት አተኩሶት መጣ፣ ቀላል ትኩሳት ነበር፣ በሁለት ቀን ለቀቀው፣ ከዛ ጉንጮቹ በጥፊ የተመታ መስለው ቀሉ (ቀይ ልጅ ስለሆነ በደንብ ያስታውቃል)፣ እንደውም አስተማሪው ቤት ውስጥ ማን መታው ብላ ጠይቃኛለች። ክንዱ ላይ ደግሞ እንደ ዳንቴል የተጠላለፈ ሽፍታ ወጣ። ልጁ ዳነ፣ እኔ በሳምንት ከምናምኑ ተያዝኩ።

አንድ ክሊኒክ ሄጄ ሩማቶይድ ፋክተር የሚባል የደም ምርመራ ተሰራልኝ፣ ወረቀቱ 38 ይላል፣ ኖርማሉ ከ20 በታች ነው ይላል። ያየኝ ሰውዬ "የዕድሜ ልክ ቁርጥማት ነው" ብሎ ወረቀቱን ሰጠኝ፣ ጣቴን እንኳን አልነካም። አክስቴ ይሄ በሽታ አለባት፣ ጣቶቿ ወደ ጎን ዞረው የቡና ሲኒ በሁለት እጅ ነው የምታነሳው፣ እሷን እያሰብኩ ሳለቅስ ነው ያደርኩት። ከልጄ የያዘኝ ቫይረስ ነው ወይስ እውነተኛው ቁርጥማት? ጎረቤቴ ደግሞ ዴክሳ (የስቴሮይድ መርፌ) ተወጊ በአንድ ቀን ይለቅሻል እያለችኝ ነው።

የቦኩ ልጅ

አይዞሽ እህቴ፣ ብርድ ነው የሚሆነው፣ በር ከፍተሽ ስለምትሰሪ ነው። እናቴ ጉልበቷ እንደዚህ ሲሆንባት ሶደሬ ሶስት ቀን ፍል ውሃ ገብታ ቆማ ነው የተመለሰችው። ሞክሪው ምንም አይጎዳሽም።

ላብ ቴክ አዳማ

እህቴ እኔ ላብራቶሪ ነው የምሰራው፣ ሀኪም አይደለሁም፣ ግን ስለዛች 38 የምልሽ አለኝ ምክንያቱም በሷ ቁጥር ብቻ ሰው ሲያለቅስ ስንቴ አይቻለሁ።

ሩማቶይድ ፋክተር ስሙ ነው የሚያሳስተው። ቁርጥማት (ሩማቶይድ አርትራይተስ የሚባለው፣ የሰውነት መከላከያ የራሱን መገጣጠሚያ የሚያጠቃበት በሽታ) ላይ ይወጣል፣ ልክ ነው፣ ግን ሄፓታይተስ ሲ ላይም ይወጣል፣ ሌላ ኢንፌክሽን ላይም ይወጣል፣ ምንም ያልታመመ ሰው ላይም ይወጣል በተለይ ዕድሜ ሲገፋ። ያንቺ ደግሞ ከኖርማሉ ሁለት እጥፍ እንኳን አልሞላም። ስለዚህ እሱን ብቻ ይዞ የዕድሜ ልክ በሽታ ነው ማለት አይቻልም፣ የለብሽም ማለትም አይቻልም። አንቲ ሲሲፒ የሚባል ሌላ ምርመራ አለ፣ እሱ ለቁርጥማት በጣም የቀረበ ነው፣ ያለ በሽታው ፖዘቲቭ የሚሆነው ጥቂት ጊዜ ነው (ቲቢ ያለበት ሰው ላይ አንዳንዴ ይታያል)። ግን ነጌቲቭ ሆነ ማለት ነፃ ነሽ ማለት አይደለም፣ ነጌቲቭ ሆነው በሽታው ያለባቸው አሉ፣ ለዛ ነው ጣትሽን ዳስሶ የሚያይ ሀኪም የሚያስፈልግሽ።

የልጅሽን ጉንጭ ስትነግሪን ግን ቀጥታ አንድ ቫይረስ ነው ትዝ ያለኝ፣ ፓርቮ ቫይረስ ቢ19። እ.ኤ.አ. በ1975 ለንደን ውስጥ የደም ናሙና ሲመረምሩ ነው ድንገት ያገኙት፣ ቢ19 የተባለውም የናሙናው ቁጥር ስለነበረ ነው። ልጅ ላይ በጥፊ የተመታ የሚመስል ጉንጭ እና የዳንቴል ሽፍታ ያመጣል፣ አዋቂ ላይ በተለይ ሴት ላይ ግን ሽፍታው ሊቀር ይችላል፣ ሁለቱን እጅ፣ አንጓ፣ ጉልበት እኩል ይይዝና ልክ ቁርጥማት ይመስላል፣ ሩማቶይድ ፋክተሩንም ለጊዜው ፖዘቲቭ ሊያደርገው ይችላል። አብዛኛው ሰው በሳምንታት ይለቀዋል፣ ጥቂቱን ግን ወራት ያቆየዋል። እና ሀኪም ጋ ስትሄጂ የልጁን ነገር ከሁሉም በፊት ተናገሪ፣ ካልነገርሽው ከየት ያውቃል።

ቫይረስ እውነተኛውን ቁርጥማት ያስነሳል ወይ ላልሽው፣ ብዙ የተጠናው ኤፕስታይን ባር የሚባለው ነው። የቁርጥማት ታማሚዎች ደም ውስጥ በሱ ላይ የተሰራ ፀረ እንግዳ አካል ከሌላው ሰው በዝቶ ይገኛል፣ ግን ከአስር አዋቂ ዘጠኙ ይሄ ቫይረስ አለበት፣ ቁርጥማት የሚይዘው ደግሞ ከመቶ አንድ ሰው አካባቢ ነው፣ ስለዚህ ቫይረሱ ብቻውን ቢሆን ኖሮ ሁላችንም ታመን ነበር። በዘር የሚመጣ ዝንባሌ አለ፣ ሲጋራ አለ፣ የድድ በሽታ አለ፣ ሴት መሆን ራሱ አለ፣ እነዚህ ባሉበት ቫይረሱ አንዱ ገፊ ሊሆን ይችላል ነው የሚባለው። አክስትሽን ስለጠቀስሽ እንጂ ይሄን ሁሉ አልጽፍም ነበር።

ድሬ ያደገ

ከላይ ያለው ወንድሜ ልክ ነው፣ በራሴ ደርሷል። ድሬዳዋ በ2011 ክረምት ቺኩንጉኒያ ሲገባ ከተማው እንዳለ ነው የተኛው፣ ከ40 ሺህ በላይ ሰው ነው የታመመው። ትኩሳቱ በአምስት ቀን ለቀቀኝ፣ እጄና ቁርጭምጭሚቴ ግን ሰባት ወር፣ ጠዋት ጠዋት ደረጃ በቂጤ እየተንፏቀቅኩ ነበር የምወርደው። ስሙ ራሱ ከታንዛኒያ ከማኮንዴ ቋንቋ ነው የመጣው፣ የሚያጎብጥ እንደማለት ነው፣ የያዘው ሰው ያውቀዋል። እኔም ቁርጥማት ነው ተብዬ ነበር፣ ግን ለቀቀኝ፣ አሁን ምንም የለኝም። ትንኟ ቀን ነው የምትናከሰው፣ በርሜል ውስጥ የተጠራቀመ ውሃና አሮጌ ጎማ ላይ ነው የምትፈለፈለው። ማሚ በቅርብ ወደኛ አካባቢ ሄደሽ ከነበር ለሀኪሙ እሱንም ንገሪው።

ሰኞ ሰኞ

የኔ እናት እኔ ቁርጥማቱ ካለብኝ 9 አመቴ ነው፣ እዚሁ አዳማ ነኝ። ከላይ ያሉት ሁሉ ጥሩ ነው የተናገሩት ግን አንድ ነገር እፈራለሁ፣ "ቫይረስ ነው ይለቃል" ብለሽ እንዳትቀመጪ። እኔ እንደሱ ብዬ ነው አንድ አመት ያለፈኝ። ጉንፋን ይዞኝ ከዛ ጀመረኝ፣ ጉንፋኑ ትቶት የሄደው ነገር ነው ብዬ ጠበቅኩ፣ ሲብስብኝ ዴክሳ እወጋለሁ፣ እውነትም በማግስቱ ቂጣ አቡክቼ እጋግራለሁ፣ በአስር ቀን ተመልሶ ይመጣል፣ ደግሜ እወጋለሁ። ዴክሳው ህመሙን ሲሸፍንልኝ በሽታው ከስር አጥንቴን እየበላ ነበር። አሁን የቀኝ እጄ ሁለት ጣት አይዘረጋም፣ ስኳሬም በመርፌው ምክንያት ጨምሮ ነበር። ያ አመት ቢመለስልኝ ምን አለ እላለሁ።

የኔ ሀኪም ያለኝ፣ ቫይረስ የሚያመጣው አብዛኛው በስድስት ሳምንት ውስጥ ይለቃል፣ ከስድስት ሳምንት ካለፈ እና እብጠቱ ካለ ሳይውል ሳያድር መታየት ነው። አንቺ አምስትሽን ጨርሰሻል። የሩማቶሎጂ (የመገጣጠሚያ በሽታ) ሀኪም እዚህ ካጣሽ ውስጥ ደዌ ሀኪም ጋ ግቢ፣ እሱ ካስፈለገ አዲስ አበባ ሪፈር ይጽፍልሻል። ሶደሬውን እኔም እወደዋለሁ፣ ሞቅ ያለ ውሃ ጠዋት እጄን ያላቅቅልኛል፣ ግን በሽታውን አያቆመውም ወንድሜ።

ማሚ ሹሩባ

እግዚአብሔር ይስጣችሁ፣ እውነት ትናንት እንቅልፍ ወሰደኝ። ዛሬ ውስጥ ደዌ ሀኪም ጋ ገባሁ፣ እያንዳንዱን መገጣጠሚያ እየተጫነች ቆጠረች፣ የልጄንም ነገር ነገርኳት፣ ጉንጩን ስላት ቀና ብላ አየችኝ። ድሬ አልሄድኩም። አንቲ ሲሲፒ ናሙናው ተወስዷል ውጤቱ ይቆያል ተባልኩ። ግን ሄፓታይተስ ቢ እና ሲም አዘዘችብኝ፣ እና ነፍሰ ጡር ነሽ ወይ ብላ ጠየቀችኝ። ጉበቴም አለቀ እንዴ ብዬ ደነገጥኩ። ዴክሳውን ትቼዋለሁ።

ላብ ቴክ አዳማ

አትደንግጪ፣ ጉበትሽ ታሟል ማለቷ አይደለም። ሁለቱም ሄፓታይተስ ራሳቸው መገጣጠሚያ ሊያሳምሙ ይችላሉ፣ ሲው ደግሞ ቅድም እንዳልኩሽ ሩማቶይድ ፋክተሩን ፖዘቲቭ ሊያደርገው ይችላል፣ ያንን ልታጣራ ነው። ሌላው ወደፊት ቁርጥማት ነው ከተባለ የሚሰጠው መድሀኒት ጉበት ላይ ስለሚያርፍ ቫይረሱ ያለበት ሰው ሳይታወቅ እንዳይጀምር ነው። እርግዝናውን የጠየቀችው ፓርቮው ለፅንስ ስለሚያሰጋ ይመስለኛል፣ መድሀኒቱም እርጉዝ አይወስደውም።

ሰኞ ሰኞ

ልክ ነው፣ እኔንም መርምረውኝ ነው የጀመርኩት። ሜቶትሬክሴት የሚባለው ነው፣ ከታዘዘልሽ በሳምንት አንድ ቀን ብቻ ነው የሚወሰደው፣ ስሜን ሰኞ ሰኞ ያልኩት ለዛ ነው፣ በየቀኑ ብለው የሚሳሳቱ ሰዎች አሉ፣ ይገድላል። አብሮት የሚሰጠውን ፎሊክ አሲድ የሚባል ቫይታሚንም ጠይቂ። ቫይረሱ ሆኖ ከለቀቀሽ ደግሞ ይሄ ሁሉ አያስፈልግሽም። እስከዛ ግን ጠዋት የሚመጡትን ደንበኞች ወደ ከሰዓት አዙሪያቸው፣ ማበጠሪያሽ እጀታው ላይ ጨርቅ ጠምጥሚበት ወፈር እንዲል፣ ጣት ሳታጠብቂ ትይዢዋለሽ። ውጤቱ ሲመጣ እዚሁ ጻፊልን፣ እጠብቅሻለሁ።