የጅማውን አረጋዊ ወጌሻ የሕይወት ታሪክ እንዴት እንጻፈው?

ጠያቂ፦ የመንደራ ልጅ

የተከበራችሁ ተሳታፊዎች፣ ሰላምታዬ ይድረሳችሁ። በጅማ ከተማ በመንደራና በሒርማታ ገበያ አካባቢ ያደጋችሁ ሁሉ የምታውቋቸው አረጋዊ ወጌሻ ካረፉ ዓመት ሊሞላቸው ነው። ዕድራችን በሰደቃቸው ዕለት ለቤተሰብና ለጎረቤት የሚታደል አጭር የሕይወት ታሪክ እንዲታተም ስለ ወሰነ፣ ጽሑፉን የማዘጋጀቱ ኃላፊነት በእኔ ላይ ወድቋል። ቤተሰቡ ስማቸው በኢንተርኔት እንዲወጣ ስለማይፈልግ እዚህ «አባባ» እያልሁ እጠራቸዋለሁ፤ ማንን ማለቴ እንደሆነ የሚያውቅ ያውቃል።

የተቸገርሁት ወሬው በመብዛቱ ነው። አባባ በወጣትነታቸው በቅሎ ጫኝ፣ ቀጥሎ የጭነት መኪና ረዳት፣ ከዚያም ሚሊሻ ሆነው አገር ለአገር የዞሩ ሰው ነበሩ። ወለም ያለው ልጅ ሁሉ እየታሸ የሚሰማው አንድ ታሪክ ነበረው። ታሪኩን የሚያወሩት እኛን ለማዘናጋት ይመስለኛል፤ ወንዙ ሊሞላ ወይም ጅቡ ሊደርስ ሲል እጃችንን ሳብ ያደርጉና ውልቃቱን ወደ ቦታው ይመልሱት ነበርና። ስለዚህ አብዛኞቻችን የምናውቀው የታሪኩን መጀመሪያና መካከል ብቻ ነው፤ ፍጻሜውን በጩኸታችን አቋርጠነዋል።

ከእናንተ የምፈልገው ይህን ነው። አንደኛ፣ እግሩ የተሰበረ ነጋዴ በጀርባቸው አዝለው በክረምት ወንዝ ዋኝተው አሻገሩ የሚባለው ታሪክ እውነት ነውን? ወንዙንስ ገሚሱ ጊቤ፣ ገሚሱ ጎጀብ ይለዋል። ሁለተኛ፣ ኦጋዴን ስለ ዘመቱበት ጊዜ በቅርብ የሚያውቅ ሰው አለን? ከዚህ ሌላ ሁለት ያሳሰቡኝ ነገሮች አሉ። ከአዘጋጆቹ አንዱ በረቂቁ ራስጌ ላይ «የጅማው ካይሮፕራክተር» የሚል፣ በውጭ አገር የጀርባ አጥንትን በእጅ ለሚያክሙ ባለሙያዎች የሚሰጥ ማዕረግ ጽፎላቸዋል፤ ሌላው ደግሞ በወጌሻ እጅ ስለሚደርሰው ጉዳት አንዲት ቃል እንዳትገባ ይሟገታል። እኔ ሁለቱም ልክ አልመሰለኝም፤ ነገር ግን ምክንያቴን አጥርቼ ማስረዳት ስላልቻልሁ የእናንተን ሐሳብ እሻለሁ።

መልስ፦ የሸቤ መንገደኛ

አላህ ይርሐማቸው። አባቴ የ«ኤንትሬ» የጭነት መኪና ሾፌር ሆኖ ከቦንጋና ከአጋሮ ወደ ጅማ፣ ከጅማም ወደ አዲስ አበባ ቡና ሲያመላልስ አባባ ለጥቂት ዓመታት ረዳቱ ነበሩ። የወንዙን ታሪክ እኔ ከአባቴ እንጂ ከአባባ አልሰማሁትም፤ የሁለቱ አነጋገር የሚለያየውም እዚህ ላይ ነው።

ነገሩ የሆነው በጎጀብ ነው። ጎጀብ ከጅማ በሰቃና በሸቤ በኩል ወደ ቦንጋ ሲወረድ የሚገኘው፣ ኋላ ከጊቤ ውኃ ጋር ወደ ኦሞ የሚገባው ወንዝ ነው። መኪናው ከቦንጋ ቡና ጭኖ ሲመለስ ዝናቡ መንገዱን አጨቅይቶት ከወንዙ ማዶ ቆመ፤ በጭነቱ ላይ ተሳፍሮ የነበረ አንድ ነጋዴም ሲወርድ ጆንያው አዳለጠውና ጭኑ ላይ ተሰበረ። አባቴ እንደሚለው አባባ ሰውየውን አላዘሉትም። የተሰበረውን እግር ከጤነኛው እግር ጋር ባዶ ጆንያ በመካከል አድርገው በጭነት ገመድ አሰሩት፣ ገመዱን ግን ስብራቱ ባለበት ቦታ ላይ አላሳለፉትም፤ ከዚያም የመኪናውን የጎን ሳንቃ አስፈትተው በላዩ ላይ አስተኙት። ሳንቃውን አራት ሰዎች ተሸክመው ተሻገሩ፤ አባባ የያዙት ግን ሳንቃውን ሳይሆን እግሩን ነበር፤ እስከ ሸቤ ድረስ እግሩን ከእጃቸው አልለቀቁትም። እኔ ብጠየቅ የምጽፈው ይህን ነው። ስብራተኛን አዝሎ መዋኘት ለወሬ ያምራል፤ ጭኑ የተሰበረን ሰው ግን መንገድ ላይ ይገድለዋል፤ ይህን ደግሞ ከማንም በላይ የሚያውቁት እርሳቸው ነበሩ።

ጊቤ ወደ ታሪኩ የገባው ከበቅሎ ጫኝነታቸው ዘመን ይመስለኛል። በልጅነታቸው ከጌራ ቡና ጭነው ወደ ሒርማታ ገበያ ይመጡ ነበር፤ አንዳንድ ጊዜም ከነጋዴዎች ጋር እስከ ጊቤ በረሃ ይወርዱ ነበር። የጊቤ ሸለቆ የገንዲ በሽታ የሚያስተላልፈው ዝንብ ያለበት ቆላ ስለሆነ በቅሎ የያዘ ሰው እጅግ ይፈራዋል፤ ዝንቡ የሚነክሰው በቀን ነውና በረሃውን በሌሊት ማቋረጥ ይመርጡ እንደነበር አባባ ራሳቸው ይናገሩ ነበር። የጅቡ ታሪክ ምንጭ ይህ የሌሊት ጉዞ ነው፤ ከወንዙ ጋር ያገናኘነው እኛ ልጆቹ ሳንሆን አንቀርም።

መልስ፦ የጌራዋ

ከላይ ያልተነገረ አንድ ነገር ልጨምር። አባባ ሙያውን የተማሩት ከእናታቸው ነው። እናታቸው በጌራ የታወቁ ወጌሻ ነበሩ፤ ቀፎ ሊሰቅል ዛፍ ላይ ወጥቶ የወደቀ፣ በቡና ለቀማ ጊዜ ቅርንጫፍ የከዳው ሁሉ ወደ እርሳቸው ይመጣ ነበር። አባባ «የመጀመሪያዋ በሽተኛዬ ፍየል ናት» ይሉ ነበር፤ እናታቸው የሰው አጥንት ከማስነካታቸው በፊት እግሯ የተሰበረች ፍየል ሰጥተው፣ ድና እስክትሄድ ድረስ ሌላ ነገር እንዳይነኩ አዘዋቸው ነበር። ብዙ ሰው ሙያው ከአባት ወደ ልጅ የወረደ ስለሚመስለው እባክዎ እናቲቱን አይርሷቸው።

መልስ፦ የአጥንት ክፍል ነርስ

በጅማ በአጥንት ሕክምና ክፍል ለረጅም ጊዜ ስለ ሠራሁ ስለ ኦጋዴኑም ስለ ጉዳቱም ጥያቄ የምለው አለኝ፤ ሁለቱን ለያይቼ ልነግርዎ ግን አልችልም።

የሶማሊያ ጦር በ1969 ዓ.ም. ክረምት ኦጋዴንን በወረረ ጊዜ አባባ ከአዲስ አበባ በስተ ምዕራብ ባለው በታጠቅ ጦር ሰፈር ከሠለጠኑት ሚሊሻዎች ጋር ወደ ምሥራቅ ዘምተዋል። ወጌሻ መሆናቸው ሲታወቅ ቁስለኛ ከሚያነሡት ጋር ተመደቡና ከአንድ ድሬሰር (ቁስል የሚያክም የጤና ረዳት) ጋር እስከ የካቲት 1970 ዓ.ም. የካራማራ ድል ድረስ አብረው ቆዩ። ለእኔ የነገሩኝ ስለ ውጊያው አልነበረም፤ ስለ ውጊያው ስጠይቃቸው ዝም ይሉ ነበር። የነገሩኝ ስለ ፋሻ ነው። ደም ለማቆም ተብሎ ጠብቆ የታሰረና በሰዓቱ ሳይፈታ የቀረ ማሰሪያ፣ ጥይቱ ያልቆረጠውን እግር ሲያስቆርጥ በዓይናቸው አይተዋል። ድሬሰሩም የጣትን ጥፍር ጫን አድርጎ መልቀቅንና የነጣው ቦታ ወዲያው ቀይ ካልሆነ ማሰሪያውን መፍታትን አስተማራቸው።

ከዘመቻው ሲመለሱ የእናታቸውን ሥራ እንደ ድሮው አልቀጠሉትም። ለዘብ ባለ ውኃና በለጋ ቅቤ ማሸቱ፣ አጥንቱን በጣት ጫፍ ዳስሶ ማወቁ፣ በቀርከሃ ፍልጥና በአቡጀዲ ማሰሩም እንደ ነበረ ነው። ነገር ግን ፍልጡን ሲያስሩ ጣቶቹን ሁልጊዜ ውጪ ይተዋሉ፤ በሽተኛውን በማግሥቱ ሳያዩት አያድሩም፤ እናትየዋንም ልጁ ሕመሙ ባሰበት ካለ፣ ጣቱ ከነጣ፣ ከቀዘቀዘ ወይም ከደነዘዘ እኩለ ሌሊትም ቢሆን ፈትታ እንድታመጣው ያስምሏታል። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ ስብራት ከደረሰ በኋላ ባሉት ሁለትና ሦስት ቀናት እብጠቱ ይጨምራል፣ የታሰረው ፍልጥ ግን አብሮ አይሰፋም። ደም መተላለፉ ከተቋረጠ ጡንቻ በሰዓታት ውስጥ መሞት ይጀምራል፤ ቤተሰቡም «ሕመሙ የስብራቱ ነው» ብሎ ሲታገሥ ጋንግሪን ይገባል። በአገራችን ሆስፒታሎች እጅና እግራቸው ከሚቆረጥ ሕፃናት መካከል ለብዙዎቹ ምክንያቱ ይህ ጠብቆ የታሰረ ፍልጥ ነው፤ ስብራቱ በራሱ ቀላል ሆኖ ሳለ።

ሌላው ያስገረመኝ የክርን ነገር ነው። ሕፃን ከዘይቱን ዛፍ ወድቆ ክርኑ ካበጠ አባባ ጨርሶ አያሹትም ነበር። የተጎዳ ክርን ሲታሽ በጡንቻው ውስጥ አጥንት መሰል ነገር ሊያበቅልና መገጣጠሚያው ሊደርቅ እንደሚችል እኛ በትምህርት ቤት እንማራለን፤ እርሳቸው ግን ደርቀው የቀሩ ክርኖችን በገበያ እያዩ ከራሳቸው የደረሱበት ነው። ክርን ሲመጣባቸው፣ አጥንቱ ቆዳ ቀዶ የወጣ ሰው ሲመጣባቸው፣ ጭኑም የተሰበረ ሲመጣባቸው ባጃጅ ጠርተው ራሳቸው አብረው ወደ ሆስፒታል ይመጡ ነበር። የጭን አጥንት ስብራት ከውጪ አንዲት ጠብታ ሳይታይ ከአንድ ሊትር በላይ ደም ወደ ውስጥ ሊያፈስ ስለሚችል፣ የሸቤው ወንድሜ ስለ ጎጀቡ የጻፉት ትክክል ነው። ካርድ ክፍል ሰልፍ ይዘው፣ ራጅ እስኪነሣ ጠብቀው፣ ራጁን በመስኮቱ ብርሃን አንሥተው አይተው «እኔም እዚህ ጋ ነው ያልሁት» ሲሉ ወጣት ሐኪሞቹ መጀመሪያ ይስቁ ነበር፤ ኋላ ግን ራጁ ከመነሣቱ በፊት የሚጠይቋቸው ሆኑ።

በ1930 ዓ.ም. በጣሊያን ወረራ ዘመን የተቋቋመው የጅማ ሆስፒታል ከአባባ ቤት ሩቅ አልነበረም። ቢሆንም ከገጠር የመጣ ሰው መጀመሪያ የሚያንኳኳው የእርሳቸውን በር ነበር፤ ወጪው ይቀላል፣ ቋንቋው በአማርኛም በኦሮምኛም ይገባል፣ ጀሶና መቁረጥም አይፈራም። ስለዚህ ጉዳቱ ይጻፍ ባይ ነኝ። ካልተጻፈ አባባ ከሌላው ወጌሻ በምን እንደሚለዩ አንባቢ አያውቅም።

መልስ፦ ከባሕር ማዶ

ስለ ማዕረጉ ባጭሩ ልናገር፤ እዚህ ወገቤን ስለሚያመኝ ካይሮፕራክተር ዘንድ እመላለሳለሁ። ሙያው የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1895 በአሜሪካ፣ በአዮዋ ግዛት ዴቨንፖርት ከተማ፣ ዳንኤል ዴቪድ ፓልመር በተባለ ሰው ነው፤ የመጀመሪያው ታካሚም ሃርቪ ሊላርድ የሚባል፣ መስማት ተስኖት የነበረ የሕንፃ ጽዳት ሠራተኛ እንደነበር ይነገራል። ዛሬ በኮሌጅ ለዓመታት ተምረው በፈቃድ የሚሠሩበት ሥራ ሲሆን ትኩረቱ የጀርባ አጥንት መገጣጠሚያዎች ላይ ነው። ስብራት አይጠግኑም፤ እንዲያውም ስብራት የተጠረጠረበትን ቦታ በእጅ መጫን በሙያቸው የተከለከለ ነው። አባባ በሕይወታቸው ሙሉ የሠሩት እነርሱ የማይነኩትን ነው። ማዕረጉ አክብሮት ለመስጠት ታስቦ የተጻፈ መሆኑ ይገባኛል፤ ይሁን እንጂ በማያውቁት ሙያ መጠራታቸውን የሚወዱ አይመስለኝም።

መልስ፦ የዕድር አባል

ሙት ወቃሽ አያድርገኝ እንጂ፣ በሰደቃ ቀን ስለ ተቆረጠ እግር ማንበብ የሚፈልግ ሰው አይታየኝም። እነዚያ ጥፋቶች የሌሎች ሰዎች ናቸው። እርሳቸው የማንንም እጅ አላስቆረጡም፤ ታዲያ ስማቸው ከጋንግሪን ጋር በአንድ ገጽ ለምን ይነሣል? ጽሑፉን የሚያነቡት የልጅ ልጆቻቸው ጭምር መሆናቸውን አስቡልኝ።

መልስ፦ የመንደራ ልጅ (ጠያቂው)

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። የዕድራችን አባል ያነሡትን ቅሬታ አቃልዬ አላየውም፤ ስለዚህ ትናንት ማታ የነርሷን መልስ ለአባባ ታላቅ ልጅ በስልክ አነበብሁላቸው። እርሳቸውም አባባ ማንኛውንም ወጌሻ በስም አንሥተው ሲወቅሱ እንዳልሰሙ፣ የፋሻውን ነገር ግን ለሙያ ተማሪዎቻቸው በሙሉ ሳይነግሩ ፍልጥ እንዳላስያዟቸው ነገሩኝ፤ «እርሱን ካወጣችሁት አባቴን አውጥታችሁታል» አሉ። በዚህም መሠረት የተቆረጡትን ሳንዘረዝርና ማንንም ሳንነካ፣ አባባ በምሥራቅ ግንባር ያዩትንና ከዚያ በኋላ የለወጡትን አሠራር በአንድ ሰፊ አንቀጽ እናስገባለን፤ ጣት ሲነጣና ሲቀዘቅዝ ምን መደረግ እንዳለበትም በእርሳቸው አነጋገር ይገባል።

የጎጀቡ ታሪክ አባቶቻችን በነገሩን መልክ፣ በሳንቃውና በጆንያው፣ ይጻፋል። አዝለው ዋኙ የሚለውንም «በልጆች ዘንድ የሚነገር» ብለን በአንድ መስመር እናስቀምጠዋለን፤ እርሱን ብናወጣው መንደሩ የሚምረን አይመስለኝም። እናታቸው በመጀመሪያው አንቀጽ ይገባሉ፣ ፍየሏም ጭምር። «ካይሮፕራክተር» የሚለው ወጥቶ «ወጌሻ» በሚለው ተተክቷል።

አሁን የቀረኝ ፎቶግራፍ ነው። በታጠቅ ሳሉ ከጓዶቻቸው ጋር የተነሡት አንድ ጥቁርና ነጭ ፎቶ እንደነበረ ቤተሰቡ ያስታውሳል፤ ፎቶውን በ1980ዎቹ አንድ የቦሳ ሰው አሳድጎ ለማሳተም ወስዶት ሳይመልስ ቀርቷል ይባላል። በእጁ ያለ ወይም ያየ ካለ ከማተሚያ ቤቱ ቀጠሮ በፊት፣ ማለትም እስከሚመጣው ሐሙስ ድረስ፣ በግል መልእክት ቢያሳውቀኝ ኮፒ አድርጌ ዋናውን እመልስለታለሁ።