«ትራሽ ቶክ» በአማርኛ ምን ይባላል? ጉራ፣ ፉከራ ወይስ ተረብ?

ጥያቄ፦
ስለ ቦክሰኛው መሐመድ አሊ አጭር ጽሑፍ እየተረጎምኩ ነው። «ትራሽ ቶክ» የምትለዋ ላይ ስደርስ ቆምኩ። ከግጥሚያ በፊት ራስን መካብ አለበት፣ ተጋጣሚን በአፍ መጣልም አለበት። «ጉራ» ብዬ ጻፍኩት። መልሼ ሳነበው ግን ሰውየውን ያሳነስኩት መሰለኝ። እናንተ ምን ትሉታላችሁ? (ዓመቶቹን በፈረንጅ ነው የምጽፈው።)

መልስ፦
ጉራማ አይደለም ልጄ። «ጉራውን ነዛ» ስንል እኮ «ከአፉ በቀር ምንም የለውም» ማለታችን ነው። አሊ በ1962 ከአርቺ ሙር ጋር ሊገጥም ሲል «በ4ኛው ዙር ይወድቃል» አለ። በ4ኛው ጣለው። ይሄ ፉከራ ነው። ፎካሪ «ዘራፍ!» ብሎ ሲነሳ በሰው ፊት ዕዳ እየገባ ነው። ካልከፈለ መሳቂያ ይሆናል። ደግሞ ከድል መልስም ይፎከራል፣ ግዳይ እየተቆጠረ። በ1964 ሶኒ ሊስተንን ካሸነፈ በኋላ «ዓለምን አናወጥኳት!» እያለ የጮኸው ሌላ ምን ይባላል?

መልስ፦
ጋሼ ያሉት ልክ ነው፣ ግን ግማሹን ነው። ፉከራ በዋናነት ስለ ራስ ነው። ሊስተንን «አስቀያሚ ድብ» ማለት ተረብ ነው፣ ያውም የሰፈር ተረብ! ተረብ ደግሞ ሕግ አለው። ካላሳቀ ስድብ ነው። የተተረበው መልሶ ካልተረበ ጨዋታው አይሞቅም። አሊ ይህን ሙያ ጎርጀስ ጆርጅ ከሚባል ነጻ ትግለኛ እንደቀዳ ራሱ ተናግሯል። ሕዝቡ ያንን ሰውዬ ሲሸነፍ ለማየት ትኬት ይገዛ ነበር። የሚጠላውም የሚወደውም እኩል ይከፍላል፤ አሊ የገባው ይህ ነው።

ጠያቂዋ፦
«ዕዳ» የሚለውን ወደድኩት። አንድ ነገር ግን አልገባኝም። ፉከራ የእኛው ከሆነ፣ የእኛ አትሌት «የሚያክለኝ የለም» ቢል ለምን ፊታችን ይጠቁራል? አሊ (ያኔ ካሲየስ ክሌይ) እና አበበ ቢቂላ ወርቃቸውን ያገኙት በአንድ ኦሎምፒክ ነው፣ በ1960 ሮም ላይ። አንዱ አፉ አያርፍም። ሌላው በባዶ እግሩ 42 ኪሎ ሜትር ሮጦ ዝም። እኛ ልጆቻችንን የምናሳድገው በዝምተኛው ነው። «ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም» እያልን።

መልስ፦
ፉከራ ቦታና ሰዓት ስላለው ነዋ። ለዘመቻ፣ ለሠርግ፣ ለጀግና ለቅሶ። ከዚያ ውጭ የፎከረ ትዕቢተኛ ይባላል። ቃሉ አንድ ሆኖ ሳለ የሰሚው ጆሮ ነው የሚቀየረው።

መልስ (ከላይ ተረብ ያልኩት)፦
አንድ ቃል ደግሞ እንዳትረሺ፦ ዘለፋ። አሊ ተጋጣሚውን ጆ ፍሬዘርን ያደረገው ተረብ አልነበረም። በ1975 ከማኒላው ግጥሚያ በፊት «ጎሪላ» ይለው ነበር፣ የጎሪላ አሻንጉሊት ይዞ ሳይቀር። ከዚያ በፊትም የነጮች ሎሌ አድርጎ ስሎታል። ፍሬዘር እኮ አሊ ቬትናም አልዘምትም ብሎ ከቦክስ በታገደ ጊዜ ገንዘብ የሰጠው ሰው ነው! ደግሞ የአፍ ሰው አልነበረም፣ መልሶ መተረብ አይችልበትም። አዳራሹ ሳቀ፣ እሱ ቂም ያዘ። አሊ በ2001 በጋዜጣ ይቅርታ ጠየቀ። ከማኒላ 26 ዓመት በኋላ መሆኑ ነው። እኔ አሊን እወደዋለሁ፣ እዚህ ጋ ግን አልከላከልለትም።

ጠያቂዋ፦
በሉ እንግዲህ፣ «ጉራ»ን ሰረዝኩ። ለአርቺ ሙር «ፉከራ»፣ ለሊስተን «ተረብ»፣ ለማኒላው «ዘለፋ»። አርታኢዬ «አንድ የእንግሊዝኛ ቃል እንዴት ሦስት ይሆናል?» ማለቱ አይቀርም። ይበላ!