ከበጋ በኋላ በሚጥለው የመጀመሪያ ዝናብ ከአፈር የሚወጣው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ለምን ያሻቅባል?

ጥያቄ፣ ከሐረር

ሰላም ለሁላችሁ። ለመመረቂያ ጽሑፌ ከደንና ከግጦሽ ሜዳ አፈር የሚወጣውን ካርቦን ዳይኦክሳይድ በየወሩ እለካለሁ። በጥርና በየካቲት፣ የሜዳው አፈር በቀትር ክፉኛ በሚግልበት ወቅት፣ የሚወጣው ጋዝ እጅግ ጥቂት ነበር። የበልጉ የመጀመሪያ ዝናብ በጣለ ማግስት በተጨማሪነት ስለካ ግን ብዙ እጥፍ ሆኖ አገኘሁት፤ ከሳምንት በኋላ ደግሞ አፈሩ ገና እንደራሰ ቁጥሩ ወርዶ ነበር። ጭማሪው ከደኑ ይልቅ በሜዳው ላይ ጎልቷል። ልቀቱን የሚወስነው ሙቀት ከሆነ ይህ እንዴት ሊሆን ቻለ? የልኬት ጊዜዬንስ እንዴት ባደርገው ይሻላል?

መልስ፣ ከድሬዳዋ

ያገኙት ውጤት ትክክለኛ ነው፤ ስምም አለው። በኬንያ ሙጉጋ ይሠራ የነበረው ተመራማሪ ኤች. ኤፍ. በርች በ1958 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ጥናት፣ ደርቆ የቆየ አፈር ውኃ ሲያገኝ የብስባሹ መፍረስ በድንገት እንደሚፋጠን አሳይቷል፤ ክስተቱም እስከ ዛሬ በስሙ ይጠራል። ለእኛ ቅርብ በሆነ የአየር ንብረት ላይ የተሠራ በመሆኑ ደጋግመን ልናነበው የሚገባ ሥራ ነው።

በበጋ ብዙ ረቂቅ ተሕዋስያንና ቀጫጭን ሥሮች ይሞታሉ፤ በሕይወት የሚቆዩት ተሕዋስያንም ድርቀቱን ለመቋቋም በሕዋሳቸው ውስጥ የሚሟሙ ውሑዶችን ያከማቻሉ። ዝናብ ሲመጣ ይህ ሁሉ በአንድ ጊዜ ለምግብነት ይቀርባል፤ የአፈሩ ጓሎች ሲፈረካከሱም ውስጣቸው ተሸሽጎ የነበረው ብስባሽ ይጋለጣል፤ ወደ አፈሩ የሚሰርገው ውኃ ደግሞ በቀዳዳዎቹ ውስጥ የታመቀውን ጋዝ ገፍቶ ያስወጣል። በቀላሉ የሚፈርሰው ምግብ በጥቂት ቀናት ስለሚያልቅ፣ እርጥበቱ እያለ ልቀቱ ይወርዳል። ሣሩ ሲያቆጠቁጥና ሥሩ መተንፈስ ሲጀምር እንደገና ቀስ እያለ ይነሣል።

ሙቀት በ10 ዲግሪ ሲጨምር ልቀቱ በግምት እጥፍ ይሆናል የሚባለው በቂ እርጥበት ሲኖር ነው። በሐረር ደጋማ አካባቢ ወራቱ በሙቀት ብዙም ስለማይራራቁ የወቅቱን መልክ የሚወስነው በዋናነት ውኃ ነው። ውኃም ቢሆን ሲበዛ ቀዳዳዎቹን ሞልቶ ኦክስጅን ስለሚከለክል፣ በሐምሌና በነሐሴ ከባድ ዝናብ ማግስት ልቀቱ ቢቀንስ አይደነቁ። ሜዳው ጎልቶ የታየው ጥላ ስለሌለው ይበልጥ በመድረቁና ቀጫጭን ሥሮቹ ከአፈሩ ገጽ አጠገብ በመብዛታቸው ይመስለኛል።

መልስ፣ የላብራቶሪ ባለሙያ

በወር አንድ ጊዜ መለካት ይህን ሽቅብታ ወይ ጨርሶ ሳይዘው ይቀራል፣ ወይም በአጋጣሚ ከያዘው የወሩን ድምር ያጋንነዋል። ስለዚህ ከዝናቡ በፊት፣ በጣለ በጥቂት ሰዓታት ውስጥ፣ ከዚያም ለቀናት በየዕለቱ፣ በኋላም በየሳምንቱ ይለኩ። የመለኪያውን ቀለበት ቢያንስ ከአንድ ቀን በፊት አፈሩ ውስጥ ይትከሉት፤ ሲተከል የሚቆረጠው ሥርና የሚነካካው አፈር ራሱ ጋዝ ያወጣልና። በውስጡ ያለውን ሣርም አስቀድመው ይጨዱ። የዕለቱን አማካይ የሚቀርበው ሰዓት ብዙውን ጊዜ ከጠዋቱ 3 እስከ 5 ሰዓት ያለው ነው። የአፈሩን ሙቀትና እርጥበት ሁልጊዜ አብረው ይመዝግቡ።

ጠያቂው

ከልብ አመሰግናለሁ። የምለካው አፈሩን በዕቃ ከድኜ ጋዙን በሶዲየም ሃይድሮክሳይድ በማስዋጥ ነው። ሜዳው በቁንዱዶ ተራራ አናት፣ ደኑ በጋራ ሙለታ ተራራ ይገኛል።

መልስ፣ የላብራቶሪ ባለሙያ

ሶዲየም ሃይድሮክሳይዱ ልቀቱ ከፍ ሲል ሁሉንም መዋጥ ስለሚያቅተው፣ በዝናቡ ሰሞን መጠኑን ይጨምሩ ወይም የሚከደንበትን ጊዜ ያሳጥሩ፤ አፈር የሌለበት ዝግ ዕቃም ለማነጻጸሪያ ያስቀምጡ።

ይበልጥ የሚያሳስበኝ የቦታው ምርጫ ነው። ሁለት ተራሮችን ሲያወዳድሩ ልዩነቱ ከሣሩና ከዛፉ ይምጣ ወይስ ከከፍታው፣ ከዝናቡና ከአፈሩ ዓይነት መለየት አይቻልም። በአንድ ተዳፋት ላይ ጎን ለጎን ያለ ደንና ሜዳ ይፈልጉ። ሜዳው ብዙ ጋዝ ስላወጣ ካርቦን እያጣ ነው ብለውም አይደምድሙ፤ የሚወጣው ከፊሉ ሣሩ ራሱ ከአየር ወስዶ በሥሩ የሚመልሰው ነው። ይህን ለመለየት በአነስተኛ መደብ ዙሪያ ቦይ ቆፍረው ሥሩን ይቁረጡ፤ የተቆረጠው ሥር እስኪበሰብስ ጥቂት ወራት ጠብቀው ከጎኑ ካልተነካው መደብ ጋር ያነጻጽሩት።