የዕቅድ ውይይት፦ ከአልጋ ሥርና ከቡፌ ጀርባ የሚደርስ መወልወያ

ጸሐፊ፦
እንደምን ዋላችሁ እህቶቼ። እሁድ ስብሰባ ላይ የተነሳው የመወልወያ ጉዳይ ተንጠልጥሎ እንዳይቀር እዚሁ ተነጋግረን እንጨርሰው። እሁድ ላልነበራችሁ፦ እዚህ አራብሳ ኮንዶሚኒየም እኛ ሃያ ሁለቱ የፅዳት ሠራተኞች ለምንሠራባቸው ብሎኮች ኮሚቴዎች አንድ የጋራ ማመልከቻ ልናስገባ ነው። የዕቃውን ግማሽ ወጪ እነሱ ይሸፍናሉ፣ ግማሹን እኛ ከቁጠባችን እናወጣለን። ደረጃውና ኮሪደሩ የጋራ መገልገያ ስለሆነ በንፅህና መያዙ የህንፃው ባለቤቶች ማህበር ኃላፊነት ነው፤ ይሄ ስለ ጋራ ሕንፃ ከወጣው አዋጅ ቁጥር 370/1995 ጀምሮ የታወቀ ነገር ነው። ስለዚህ ልመና አይደለም፣ እንደ ልመናም አንጻፈው።

በኔ በኩል ማመልከቻው ላይ ጎልቶ እንዲወጣ የምፈልገው አንድ ነገር ነው። የሳሎኑን መሀል ማንም ይወለውለዋል። እኛ የምንጠራው ለአልጋው ሥር፣ ለፍሪጁ ጀርባ፣ በሽንት ቤቱ መቀመጫና በግድግዳው መካከል ላለችው ክፍተት፣ ለደረጃው ጥግ ነው። እዚያ ደግሞ ያለን መወልወያ አይገባም። የሚገባው እጃችን ነው፣ በጉልበታችን ተንበርክከን። እስቲ የምታውቁትን ጻፉ፣ እኔ አሰባስቤ ረቂቁን አወጣለሁ።

ብሎክ 14፦
የኔን ልናገር። ባለፈው ዓመት አንድ ቤት በሳምንት ሁለት ቀን እሠራ ነበር። የክሩ መወልወያ ውሃ ሲጠጣ ምን ያህል እንደሚከብድ ታውቁታላችሁ። ቡፌው ሥር ስሰደው ጭንቅላቱ ጠርዙ ላይ ይያዝና የያዘውን ውሃ እዚያው ይተፋዋል። ጎትቼ ሳወጣው መሀሉ ደርቋል፣ ቡፌው ሥር ግን ውሃ ተኝቷል። የቡፌው እግር ቺፕውድ ነበር። ሦስት ወር ሳይሞላ ከሥሩ አበጠ፣ ላዩ ላይ የተለጠፈው ተላቀቀ፣ በጣቴ ስነካው እንደ ራሰ ዳቦ ተፈረፈረ። ከወሩ ክፍያዬ ግማሹ ተቆረጠ። ውሃውን ያፈሰስኩት እኔ ስለነበርኩ አፌን ሞልቼ መከራከር አልቻልኩም። እስካሁን ግን ያንገበግበኛል፣ ምክንያቱም በነበረኝ ዕቃ ከዚያ የተሻለ ማድረግ አይቻልም ነበር።

ገንዘብ ያዥ፦
አይዞሽ እህቴ። እኔ ግን ስለ ገንዘቡ ካልተናገርኩ ሥራዬን አልሠራሁም። መርካቶ ያለውን ጠፍጣፋ መወልወያ ለቤቴ ገዝቼ አይቼዋለሁ። ሲገባስ ጥሩ ይገባል። ግን ጨርቁ የሚለጠፍበትን ሰሌዳና እጀታውን የሚያገናኘው አንገት ፕላስቲክ ነው፤ ሁለት ወር እንኳ ሳይሞላው ተሰበረ። አንገቱን ለብቻው ፈልጌ አጣሁ፤ ሻጩም «ሙሉውን ግዢ» አለኝ። ለሃያ ሁለት ሰው ይህን ገዝተን በየሁለት ወሩ ልንጥል ነው? እኔ ለዚህ ከቁጠባው አልፈርምም።

ጸሐፊ፦
ልክ ነሽ። ለዚህ ነው ጎረቤታችን ያሉትን የብረታ ብረት ማህበር ጋሼን እዚህ ያስገባኋቸው። ጋሼ፣ የተሰበረውን ወስደው አይተውታል አይደል?

ጋሼ (ብየዳ ቤት)፦
አይቼዋለሁ። ሰሌዳው ምንም አይልም፣ እጀታውም ደህና ነው፣ የሞተው አንገቱ ብቻ ነው። አንገቱ እንደ መኪና ክሮቼራ ሁለት ቦታ መታጠፍ አለበት፦ አንዱ ወደፊትና ወደኋላ፣ ሌላው ወደ ግራና ቀኝ። አንድ ማጠፊያ ብቻ ካለው እጀታውን መሬት ድረስ ስታስተኙት ሰሌዳው በአንድ ጎኑ ከወለሉ ይነሳል። ጨርቁ ወለሉን ሳይነካ ትገፋላችሁ ማለት ነው። ሁለቱም ካሉት ግን እጀታው ሲተኛ እንኳ ሰሌዳው ወለሉ ላይ እንደተለጠፈ ይቀራል፤ እጃችሁን ስታዞሩም አብሮ ይዞራል።

ይህን አንገት ከብረት እሠራዋለሁ። ለእጀታው ከምን አለሽ ተራ አሉሚኒየም ቱቦ ይገኛል፤ አንዱን ከአንዱ ውስጥ አስገብቶ በብሎን ማጥበቅ ነው። የውሃ ቧንቧ ብረት ግን አላደርግም፣ ቀኑን ሙሉ የምትይዙት ነውና ይከብዳችኋል። ከናንተ የምፈልገው ልክ ብቻ ነው። ስንት ሳንቲ ሜትር ሥር ነው መግባት ያለበት?

ብሎክ 21፦
ጋሼ እኔ ዛሬ ሦስት ቤት በሜትር ለካሁ። አልጋ ሥር 14 ሳንቲ ሜትር አለው፣ እሱ አያሳስብም። ሶፋ ሥር 6፣ ቡፌ ሥር 5። ሽንት ቤቱ ጋ ከመቀመጫው ጀርባ እስከ ግድግዳው 11 ነው። የልብስ ማጠቢያ ማሽን ሥር 2 ብቻ ነው።

ጋሼ (ብየዳ ቤት)፦
ተባረኪ። እንግዲያው አንገቱ ተኝቶ ከነጨርቁ ከ4 ሳንቲ ሜትር ተኩል መብለጥ የለበትም። የሰሌዳውን ወርድ 10 ካደረግነው በጎኑ ዞሮ ከሽንት ቤቱ ጀርባ ያልፋል። ማሽኑን ተዉት። ለሱ ተብሎ ሰሌዳው ከሳሳ ሌላ ቦታ ይጎብጣል።

ብሎክ 3፦
ስለ ጨርቁም እንነጋገር፣ ከዕቃው ይልቅ የሚያጸዳው እሱ ነው። ማይክሮፋይበር የሚባለው ፖሊስተርና ፖሊአማይድ ተቀላቅለው የሚሠሩት ጨርቅ ነው። ክሩ ከፀጉር በጣም የቀጠነ፣ ደግሞም የተሰነጣጠቀ ስለሆነ አቧራውን አይገፋውም፣ በመሀሉ ይይዘዋል። በበጋ ደረቁን ብቻ ብታስገቢው የአልጋ ሥር አቧራ ተለጥፎ ይወጣል፣ አይቦንም። ግን ጠላት አለው። በረኪና ይጎዳዋል። የልብስ ማለስለሻ ደግሞ ክሩን ይደፍነዋል፣ ከዚያ በኋላ ተራ ጨርቅ ነው። በላርጎ ወይም በዱቄት ሳሙና ብቻ አጥቦ ማስጣት ነው።

ሌላው፣ ጨርቁ በቬልክሮ የሚለጠፍ ይሁንና ለእያንዳንዳችን ብዙ ይኑረን። ቀይ ለሽንት ቤት ብቻ፣ አረንጓዴ ለማዕድ ቤት፣ ሰማያዊ ለሳሎንና ለመኝታ። የሽንት ቤቱን ጨርቅ አለቅልቀን ልጆች የሚድሁበት ወለል ላይ የምንመልሰው ነገር ይቁም። ጨርቅ የሚቀየርለት መወልወያ አዲስ ነገርም አይደለም። ቶማስ ስቱዋርት የሚባል ጥቁር አሜሪካዊ ጨርቁ ሊነቀልና ሊጨመቅ የሚችል መወልወያ ሠርቶ የፈጠራ መብት ያገኘበት በ1893 እ.ኤ.አ. ነው።

ሰብሳቢ፦
ውሃውን የረሳችሁት መሰለኝ። ኮሚቴው መጀመሪያ የሚጠይቀን እሱን ነው። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር አራተኛ ፎቅ ድረስ ጀሪካን ተሸክመን ወጥተን፣ ደረጃውን ስናጥብ ግማሹ ወደ ታች ይወርዳል። ክረምት ሲሆን ዋልካው በየጫማው ተለጥፎ ይገባና ያንኑ ውሃ ጭቃ ያደርገዋል፤ ጥግ ጥጉን ይዞ ይደርቃል፤ ከዚያ በቢላዋ ነው የሚፋቀው። ጨርቆቹን ጠዋት አርሰን፣ ጨምቀን፣ ደርድረን ከወጣን ግን የቆሸሸውን ነቅለን ንፁሑን መለጠፍ ብቻ ነው። የቆሸሸ ጨርቅ ተመልሶ ባልዲ ውስጥ አይገባም። ስንት ጀሪካን እንደሚተርፍ ግን በግምት አንጻፍ። ለክተን እንጻፍ።

ብሎክ 9፦
ልጆቼ፣ እኔ ስለ ጉልበቴ ልናገር። ሃያ ምናምን ዓመት በጉልበቴ ነው የሠራሁት፣ ልጆቼንም ያሳደግሁት በእሱ ነው። አምና ቀኝ ጉልበቴ ከፊት ለፊቱ አብጦ እንደ ሎሚ ድብልብል አለ፣ ስነካው ውስጡ ውሃ ያለው ይመስል ነበር። ሐኪሟ ከጉልበት ሎሚው ፊት ያለችው ከረጢት በመንበርከክ ብዛት ተቆጥታ ነው አለችኝ። ፈረንጆቹ ስሙን «የቤት ሠራተኛ ጉልበት» እንደሚሉትም ነገረችኝ። ስሙን ስሰማ እንባዬ መጣ። ለካ በሽታው በእኛ ሥራ ነው የሚጠራው።

ሌላም አለ። ሽንት ቤት ጥግ ስንንበረከክ ፊታችን መሬቱ ጋ ነው። በረኪናውም አሲዱም የሚተነው እዚያው ነው። እጀታው ረጅም ከሆነ ቢያንስ ፊታችን ይርቃል።

ብሎክ 3፦
እናቴ ጉልበትዎን እግዜር ይማርልኝ። ሁላችሁም ግን ስሙኝ፣ በረኪናና አሲድ አንድ ላይ በፍጹም አይፈሰሱ። የሚወጣው ክሎሪን ጋዝ ነው፣ ሳንባ ያቃጥላል። እጀታ ቢረዝምም ከዚህ አያድንም።

ጸሐፊ፦
ይህም ይገባል፣ ለብቻው አንቀጽ አደርገዋለሁ። እስካሁን የጻፍኩትን መግቢያ ይኸው፦

«በብሎኮቻችሁ ደረጃ፣ ኮሪደርና ቤቶች ውስጥ የምንሠራ ሃያ ሁለት ሴቶች ነን። ዘመናዊ የፅዳት ቴክኖሎጂ ተጠቃሚ ለመሆን እንዲያስችለን...»

ብሎክ 9፦
እሱን አውጪው ልጄ። ዘመናዊ ቴክኖሎጂ ካልሽው የቅንጦት ይመስላቸዋል። የሚሠራውን ጻፊ።

ገንዘብ ያዥ፦
እኔም እንደ እናታችን ነኝ። ደግሞ ሃያ ሁለቱን በአንዴ አንጠይቅ። ሦስት ይሠራ፣ አንድ ወር እንሞክረው። አንገቱ አንድ ወር ሙሉ ከቆየ ያኔ እፈርማለሁ።

ሰብሳቢ፦
ተስማምቻለሁ። አንዱ ብሎክ 14፣ አንዱ ብሎክ 21፣ አንዱ ደግሞ ደረጃ ብቻ ለሚሠሩት። የሚቃወም ካለ እስከ ማታ ይናገር።

ጸሐፊ፦
አስተካክዬዋለሁ፣ እዩት፦

«በብሎኮቻችሁ ደረጃ፣ ኮሪደርና ቤቶች ውስጥ የምንሠራ ሃያ ሁለት ሴቶች ነን። አሁን ያለን መወልወያ ከቡፌ ሥር፣ ከሽንት ቤት ጀርባና ከደረጃ ጥግ አይደርስም። እዚያ ለመድረስ እንንበረከካለን፤ የሚተርፈው ውሃም የቤት ዕቃ ያበላሻል። 5 ሳንቲ ሜትር ክፍተት ውስጥ የሚገባ፣ አንገቱ ሲሰበር እዚሁ ሰፈር የሚጠገን፣ ጨርቁ እየተነቀለ የሚታጠብ መወልወያ ከጎረቤት የብረታ ብረት ማህበር ጋር ልናሠራ አቅደናል። የምንጠይቀው የሦስቱን ሙከራ ግማሽ ወጪ ነው። በወሩ መጨረሻ የተጠቀምነውን ውሃ በጀሪካን ቆጥረን፣ የተሰበረ ካለም ሳንደብቅ እናሳውቃችኋለን።»

ብሎክ 14፦
«የቤት ዕቃ ያበላሻል» የሚለውን እንዳትነኪው።

ገንዘብ ያዥ፦
አሁን ሆነ። የጋሼን ዋጋ በወረቀት ካገኘሁ ሰኞ ይዤው እገባለሁ።

ጋሼ (ብየዳ ቤት)፦
ዋጋውን ነገ እጽፋለሁ። የመጀመሪያው ናሙና ሐሙስ ይደርሳል። እጀታው እስከ አገጭ ቢደርስ ወገብ አያጎብጥም፣ ግን የማንን ቁመት ልያዝ?

ብሎክ 9፦
ከሁላችንም አጭሯ እኔ ነኝ። ዝቅ ሲል በኔ ልክ ይሁን፣ ረጃጅሞቹ ብሎኑን ፈተው ያስረዝሙት።

ጋሼ (ብየዳ ቤት)፦
እሺ እናቴ። ቱቦውን ሳልቆርጥ ይዤው እመጣለሁ። ብሎክ 9 ደረጃው ሥር ይቁሙልኝ፣ እዚያው ለክቼ ምልክት አደርግበታለሁ።