ቅዳሴ ልሂድ ስል ቤት ውስጥ ጭቅጭቅ ሆነ፤ ምን ላድርግ?

ሰላም፣ 16 ዓመቴ ነው። የምንኖረው ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም ነው። ቤተሰባችን ካቶሊክ ነው፤ እናትና አባቴ ግን ቤተ ክርስቲያን የሚታዩት ለገናና ለፋሲካ ብቻ ነው።

እኔ ከአምና ጀምሮ እሑድ እሑድ አስቀድሳለሁ። ችግሩ መንገዱ ነው፤ መሃል ከተማ ለመድረስ ሁለት ሦስት ታክሲ መያዝ አለብኝ። ከሌሊቱ 11 ሰዓት ስነሣ እማዬ "ብቻሽን በዚህ ጨለማ የት ትሄጃለሽ?" ትላለች። እውነት ለመናገር እሷም አልተሳሳተችም። አባዬ ደግሞ "እግዜር እዚህም አለ" ብሎ ጋቢውን ተከናንቦ ይተኛል።

ጾሙማ ሌላ ጣጣ ነው። ባለፈው አርብ ሥጋ ወጥ ተሠርቶ ጠበቀኝ። ሽሮ ለብቻዬ ልሥራ ስል "እኛን ኃጢአተኛ ልታደርጊን ነው?" ተባልኩ። ሽሮዬን በላሁ፣ ግን አኩርፌ። ይሄ ጾም ይባላል?

በእኛ በካቶሊኮች አቆጣጠር 3ኛው ትእዛዝ ሰንበትን አክብሪ ይለኛል፣ 4ኛው አባትና እናትሽን። ሁለቱ እኛ ቤት ተጣልተዋል። የቅዳሜ ማታ ቅዳሴ የእሑዱን እንደሚተካ አውቃለሁ፤ ግን በምሽት መመለሱ ይብሳል። በከባድ ምክንያት መቅረት ኃጢአት እንዳልሆነም ተምሬያለሁ። የእናት ፍርሃት ከባድ ምክንያት ነው? የቤተ ክርስቲያናችንን ቄስ ልጠይቃቸው አስቤ ነበር፤ ወላጆቼን የማማ መሰለኝና ተውኩት።

እንዲህ ያጋጠማችሁ ካላችሁ፣ ቤት ሳትጣሉ እንዴት አለፋችሁት?